ግዝፈትና ችሎታ በአንድ ሪንግ ውስጥ፦ የሪያድ ሁለት ውጊያዎች የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ቦክስ የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ከችሎታ ጋር ከሆነ ግዝፈት ዋጋ የለውም» ይላል። ሌላው «ትልቅ ሰው ትልቅ ነው፣ ተወው» ይላል። ሁለቱም ምሳሌ አያጡም።

ችግሩ ምሳሌዎቹ ላይ ነው። በ1919 ቶሌዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጃክ ዴምፕሲ 85 ኪሎ ሆኖ 111 ኪሎውን ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ዊላርድ በቃኝ አለ። ግን ዊላርድ 37 ዓመቱ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያህል ቀበቶውን ለማስጠበቅ ሪንግ አልገባም። በ2009 ኑረምበርግ ላይ ዴቪድ ሄይ ከእሱ 45 ኪሎ ገደማ የሚበልጠውን ኒኮላይ ቫሉዬቭን በነጥብ አሸነፈ። ቫሉዬቭ ግን 2.13 ሜትር ይርዘም እንጂ ቀርፋፋ ነበር። እንዲህ ዓይነት ውጊያ ትንሹ ሰው ጎበዝ መሆኑን ያሳያል። ግዝፈት ከችሎታ ጋር ሲመዘን ስንት እንደሚያወጣ ግን አያሳይም፤ ትልቁ ሰው ወይ ዕድሜው ሄዷል ወይ ችሎታው አነስተኛ ነው።

የሪያዱ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2024፤ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸውን ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው የጻፍኩት) የተገናኙት ሁለቱም ያልተሸነፉ፣ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን፣ ሁለቱም በችሎታቸው የተመሰከረላቸው የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ነበሩ። አንዱ ግን ከሌላው በብዙ ይገዝፍ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ደገሙት፤ የክብደት ልዩነቱም ይበልጥ ሰፍቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ያንኑ ፈተና መድገም በስፖርት ውስጥ ብዙ አይገኝም።

የሁለቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስም ሲጠራ ወሬው ወዲያው ወደ ደጋፊነት ይዞራል። «ዩክሬናዊው» እና «እንግሊዛዊው» እላቸዋለሁ።

ሁለቱ ሰዎች

ዩክሬናዊው ያኔ 37 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1.91 ሜትር፣ የተዘረጋ ክንዱ 198 ሴንቲሜትር። በለንደን ኦሊምፒክ በ91 ኪሎ ወርቅ ወስዷል። በፕሮፌሽናል ቦክስ መጀመሪያ የተጫወተው በክሩዘር ሚዛን ነው፤ የዚህ ሚዛን ጣሪያ 90.7 ኪሎ ነው። በ2018 ሞስኮ ላይ የሚዛኑን አራት ቀበቶዎች ጠቅልሎ ያዘ። በ2019 ወደ ከባድ ሚዛን ሲወጣ 97 ኪሎ ገደማ ነበር። ቸኩሎ አልወፈረም። 101 ኪሎ ለመድረስ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ወስዶበታል። ግራኝ ነው። እስከዚያች ቀን 21 ጊዜ ተጫውቶ 21ዱንም አሸንፏል።

እንግሊዛዊው 35 ዓመቱ፣ ቁመቱ 2.06 ሜትር፣ የተዘረጋ ክንዱ 216 ሴንቲሜትር። 34 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቷል። በ2015 ዱሰልዶርፍ ላይ የከባድ ሚዛኑን የብዙ ዓመት ንጉሥ ቭላድሚር ክሊችኮን አሸንፏል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ያን ቀን ያሸነፈው በጉልበት አልነበረም። ከወገቡ እየታጠፈ፣ እያጭበረበረ፣ እየራቀ ነበር ያሸነፈው። በ2020 ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ዲዮንቴይ ዋይልደርን ሲያስቆም ተቃራኒውን አሳየ። 124 ኪሎ ሆኖ ገባ፣ ወደ ፊት ገፋ፣ በተያያዙ ቁጥር ክብደቱን ጫነበት፤ በሰባተኛው ዙር ጨረሰው። ይህ ሰው ግዙፍ ብቻ አይደለም። ግዝፈቱን እንዴት እንደሚጠቀምበት ያውቃል። ጉዳዩን ትልቅ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ችግሩ

በሚዛን ቀን እንግሊዛዊው 118.8 ኪሎ፣ ዩክሬናዊው 101.4 ኪሎ ሆኑ። መድረክ ላይ የዩክሬናዊው ክብደት በስህተት በ10 ፓውንድ ከፍ ተደርጎ ተነቦ ነበር። በዚያ ምክንያት «ወፍሮ መጣ» የሚል ወሬ ተሰራጨ፤ እውነት አልነበረም። ልዩነቱ 17.5 ኪሎ ገደማ ነው። ዩክሬናዊው በቁመት 15 ሴንቲሜትር፣ በክንድ 18 ሴንቲሜትር ይበለጣል።

ይህ ቁጥር ሪንግ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? መጀመሪያ፣ ትልቁ ሰው በሚመታበት ርቀት ላይ ትንሹ አይደርስም። ትንሹ ለመምታት ሲገባ አንድ ጊዜ፣ መትቶ ሲወጣ ሁለተኛ ጊዜ በዚያ አደገኛ ርቀት ውስጥ ማለፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ቡጢው ከኋላው የሚሸከመው ክብደት ይበዛል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ያላረፈ ምት እንኳ ይሰማል። ሦስተኛው ሰው ብዙ የማያየው ነው። ሲተቃቀፉ ትልቁ ሰው አንገትና ትከሻ ላይ ይተኛል። አንድ መቶ ሃያ ኪሎ በየዙሩ መሸከም እግርን ይገድላል፤ የትንሹ ሰው ዋና ሀብት ደግሞ እግሩ ነው።

በዚህ ላይ እንግሊዛዊው ቀልሎ መጥቷል። በጥቅምት 2023 ከፍራንሲስ ንጋኑ ጋር ሲገናኝ 126 ኪሎ ነበር። ያን ጊዜ በቦክስ የመጀመሪያ ውጊያው በሆነ ሰው በሦስተኛው ዙር ወድቆ፣ በተከፋፈለ ውሳኔ ነው የተረፈው። ለሪያድ ሰባት ኪሎ ያህል ቀንሶ መምጣቱ ትምህርት እንደወሰደ ያሳያል።

ዩክሬናዊው ያደረገው

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ ፊት መሄድ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አብዛኛው ትንሽ ቦክሰኛ ከትልቅ ጋር ሲገጥም በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከኋላው ግን ገመድ አለ፤ ትልቁ ሰው የሚፈልገውም እዚያ እንዲደርስለት ነው። ዩክሬናዊው የሪንጉን መሃል ይዞ እንግሊዛዊውን ወደ ኋላ አስኬደው። ረጅም ዱላ ከሩቅ ይመታል፤ ባለዱላው ደረት ላይ ከተለጠፉበት ግን ማንሻ ቦታ ያጣል። ዩክሬናዊው የሠራው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛው የእግር ጉዳይ ነው። ግራኝና ቀኛማ ሲገጥሙ የሁለቱም የፊት እግር ፊት ለፊት ይገናኛል። የግራኙ ቀኝ እግር ከቀኛማው ግራ እግር ውጭ ከቆመ፣ የግራኙ ግራ እጅ ቀጥ ብሎ በመሃል ይገባል፤ የቀኛማው ቀኝ እጅ ግን አቅጣጫውን ያጣል። ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ጓንቱን ትታችሁ እግራቸውን ብቻ እያያችሁ ተመልከቱት። ዩክሬናዊው በየጥቂት ሰኮንዱ ያን የፊት እግር በትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ ያንሸራትታል። አይመታም፤ ቦታ ብቻ ይይዛል። ግራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካች ግራውን አይቶ ያጨበጭባል፤ ሥራው ግን ቀደም ብሎ መሬት ላይ አልቋል።

ሦስተኛው፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ግራውን ወደ ሆድ መላኩ ነው። 2.06 ሜትር የሆነን ሰው ፊት ለመምታት ወደ ላይ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ሲዘረጉ የራስ አገጭ ይጋለጣል። ሆድ ግን ቅርብ ነው። ሆዱን የተመታ ሰው ደግሞ እጁን ዝቅ ያደርጋል።

እንግሊዛዊው ሲመልስ

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እንግሊዛዊው በከፊል በጨዋታ አሳለፋቸው። እጁን ጣለ፣ ፊቱን አጣመመ፣ ለተመልካች ተወነ። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ግን ትክክለኛው ሰውዬ መጣ።

ርቀቱን አገኘው። ዩክሬናዊው ሊገባ ጎንበስ ባለ ቁጥር አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘር ቡጢ) ጠበቀው። ወደ ሆዱም ደጋግሞ መታው። በስድስተኛው ዙር ያረፈበት አፐርካት ዩክሬናዊውን አናወጠው። ወደ ፊት መሄዱ ቆመ፣ እግሩ ከበደ። በዚያች ሰዓት ውጊያውን ያየ ሰው «አለቀ፣ ግዝፈቱ ዋጋውን እያስከፈለው ነው» ቢል አይፈረድበትም።

በዚህ ክፍል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ውጤቱን ካወቅን በኋላ የምንዘለው ይህንኑ ነው። በዓለም ላይ በእግር ሥራው ከሚወዳደሩት በጣም ጥቂቶች አንዱ የሆነው ሰው፣ ያቀደውን ሁሉ በትክክል እየሠራ፣ ለአራት ዙር ያህል መፍትሔ አጥቷል። ስህተት ሠርቶ አይደለም። 17 ኪሎና 18 ሴንቲሜትር በጥሩ ቦክሰኛ እጅ ሲገባ ይህን ያህል ይመዝናል።

ዘጠነኛው ዙር

በስምንተኛው ዙር ነገሩ ተገለበጠ። የዩክሬናዊው ግራ ተደጋግሞ ፊት ላይ ማረፍ ጀመረ፤ የእንግሊዛዊው አፍንጫ ደማ።

በዘጠነኛው ዙር መገባደጃ ላይ አንድ ከባድ ግራ ገባ። እንግሊዛዊው ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ዩክሬናዊው አልጠበቀም፤ ተከትሎት ገባ። ትልቁ ሰው ከገመድ ወደ ገመድ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየተላተመ ሪንጉን አቋረጠ፤ ጉልበቱ ከድቶታል። ገመዱ ባይኖር ይወድቅ ነበር። በቦክስ ሕግ ገመድ ደግፎ ያቆመው ሰው እንደወደቀ ስለሚቆጠር የመሃል ዳኛው ገብቶ ቆጠራ ጀመረ። ቆጠራው አልቆ ብዙ ሳይቆይ ደወሉ ተደወለ።

ዳኛው ባይገባ ኖሮ በዝረራ ያልቅ ነበር የሚሉ አሉ። ቆጠራው ያዳነው እንግሊዛዊውን ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዳኛው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሰውየው ራሱን መከላከል አቁሞ ነበር።

ከዚያም እንግሊዛዊው ተነሥቶ እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር መጨረስ ችሏል። ለዚህም ግዝፈቱ ያገዘው ይመስለኛል። በዚያ የምት ብዛት ብዙ ቦክሰኛ መቆም አይችልም ነበር።

ነጥቡ ሲቆጠር

ውሳኔው ተከፋፈለ። አንዱ ዳኛ 115 ለ112፣ ሌላው 114 ለ113 ለዩክሬናዊው ሰጡ። ሦስተኛው 114 ለ113 ለእንግሊዛዊው ሰጠ።

ቁጥሮቹን መፍታት ይጠቅማል። ዙር ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9 ያገኛል፤ የወደቀ ሰው ተጨማሪ አንድ ነጥብ ያጣና 8 ይሆናል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ዳኛ ለዩክሬናዊው 7 ለ5 ዙር፣ ሁለተኛው እኩል 6 ለ6፣ ሦስተኛው ለእንግሊዛዊው 7 ለ5 ሰጥተዋል ማለት ነው። ሦስቱን ካርዶች ስትደምሯቸው 18 ዙር ለ18 ዙር ይሆናል። እኩል ለእኩል! ያች የዘጠነኛው ዙር ቆጠራ ያመጣችው አንድ ነጥብ ባትኖር አንድ ዳኛ ለዚህ፣ አንዱ ለዚያ፣ አንዱ አቻ ይሆን ነበር፤ ውጤቱም አቻ።

የምት ቆጠራው ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። እንግሊዛዊው 496 ጊዜ ሰንዝሮ 157ቱ አርፈውለታል። ዩክሬናዊው 407 ሰንዝሮ 170 አሳርፏል። ያነሰ ሰንዝሮ የበለጠ አገኘ። አጭር ክንድ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግራውን የሚለቀው እግሩ ቦታውን ከያዘ በኋላ ብቻ ነበርና።

ድጋሚው

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. (2024 ሳያልቅ) ሁለቱ እዚያው ሪያድ ተመለሱ። እንግሊዛዊው በዚህ ጊዜ 127.5 ኪሎ ሆኖ መጣ። ሚዛን ላይ የወጣው ልብስ ለብሶ ስለነበር ጥቂቱን መቀነስ ይቻላል፤ ቢሆንም ከባድ ነበር። ዩክሬናዊው 102.5 ኪሎ። ልዩነቱ ወደ 25 ኪሎ ሰፋ።

ሐሳቡ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነጥብ ተሸነፍኩ፤ አሁን ክብደት ልጨምር፣ ልጫነው፣ በ2020 እንዳደረግኩት ልገፋው። በወረቀት ላይ ሲታይ ስህተት የለበትም።

አልሠራም። ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለዩክሬናዊው ሰጡ፤ 8 ዙር ለ4 ማለት ነው። ዩክሬናዊው 179 ምት አሳረፈ፣ እንግሊዛዊው 144። በመጀመሪያው ውጊያ በ13 ምት ብቻ ነበር የተበለጠው፤ አሁን በ35። እንግሊዛዊው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ከመሃል በኋላ ግን ዩክሬናዊው ርቀቱን ወሰደው፤ እንግሊዛዊው እንደ ግንቦቱ በአፐርካት የሚያስቆመው እግር አላገኘም።

ለምን? የእኔ ግምት ይህ ነው። በ2020 የተጫነበት ሰው ቆሞ የሚጠብቅና በአንድ ቀኝ እጅ የሚተማመን ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ይዞ መጫን ይቻላል። ዩክሬናዊው ግን የሚያዝበት ቦታ ላይ አይቆምም። ካልተያዘ የተጨመረው ክብደት የሚያርፍበት ሰው የለም፤ ባለቤቱ ራሱ 12 ዙር ይሸከመዋል። ቁመትና ክንድ በነጻ የሚገኝ ጥቅም ነው። ኪሎ ግን በየደቂቃው ትንፋሽ ይበላል።

የሠራውና ያልሠራው

ለዩክሬናዊው መሃሉን መያዝ፣ የፊት እግር፣ ወደ ሆድ መምታት ሠርተውለታል። ያልሠራለት አንድ ነገር አለ። ሲገባ በአንድ ዓይነት መንገድ ጎንበስ ማለቱን እንግሊዛዊው አነበበው፤ አፐርካቱ የመጣው ከዚያ ነው። በስምንተኛው ዙር ሲያገግም አገባቡን ቀይሮ ነበር፤ ግራውን ከጎን ማምጣት አበዛ።

ለእንግሊዛዊው በግንቦት ቀልሎ መምጣቱ ሠርቶለታል። ርቀት ጠብቆ አፐርካትና የሆድ ምት መጠቀሙም እንዲሁ። ያልሠራለት የመጀመሪያ ዙሮችን በትወና ማባከኑ ነው። ውጊያው በአንድ ነጥብ ሲያልቅ እነዚያ ዙሮች ውድ ነበሩ። በዙሮች መካከል በሚያርፍበት ማዕዘን ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ማውራቱም ተተችቷል፤ ተገቢ ትችት ነው። ደክሞ የተቀመጠ ቦክሰኛ በስልሳ ሰኮንድ ውስጥ ከአንድ ድምፅ በላይ አይሰማም።

ለሠልጣኝና ለአሠልጣኝ

ትንሽ ቦክሰኛ የምታሠለጥኑ፣ ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የምትወስዱት ግራ እጁን አይሁን። የፊት እግሩን ውሰዱ። መሬት ላይ መስመር አስምሮ፣ ያለ ጓንት፣ ሁለት ልጆችን ለቦታ ብቻ እንዲሻሙ ማድረግ ይቻላል። ወጪ የለውም። ቀጥሎ ወደ ሆድ መምታትን ከመጀመሪያው ዙር አስለምዱ፤ ከደከሙ በኋላ ቢጀመር ዋጋ የለውም።

ትልቅ ልጅ የምታሠለጥኑ ደግሞ ከድጋሚው ተማሩ። ረጅም ልጅ ሲሸነፍ «ጡንቻ ጨምር» ማለት ይቀናናል። ለእሱ ግን ጃብ (በፊት እጅ ቀጥ ብሎ የሚሰነዘር ምት) እና አፐርካቱን፣ ደግሞም በተመሳሳይ ኪሎ ረዘም ላለ ጊዜ መንቀሳቀስን ማሠልጠን ይሻለዋል። ኪሎ የሚጠቅመው ተቀናቃኙን መያዝ ሲቻል ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ይህን ውጊያ አሳይቶ አንድን 60 ኪሎ ልጅ ከ70 ኪሎ ልጅ ጋር ስፓሪንግ (የልምምድ ውጊያ) ማስገባት ትክክል አይደለም። በከባድ ሚዛን 17 ኪሎ ከሚያመጣው ለውጥ ይልቅ በታችኛው ሚዛን 6 ኪሎ የባሰ ሊሆን ይችላል። በ2016 ለንደን ላይ ኬል ብሩክ ከዌልተር ሚዛን ወደ መካከለኛ ሚዛን ዘሎ ከጌናዲ ጎሎቭኪን ጋር ገጠመ። በሁለቱ ሚዛኖች ጣሪያ መካከል ያለው ልዩነት 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ብሩክ ጎበዝ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ጥሩ ምቶች አሳርፏል። በአምስተኛው ዙር ውጊያው እንዲቆም አሠልጣኙ ፎጣ ወረወረ፤ የዓይኑ ጉድጓድ አጥንት ተሰብሮ ነበር። በ2025 ቴሬንስ ክራውፎርድ ሁለት ሚዛን ዘሎ የዚያን ሚዛን ሻምፒዮን ካኔሎ አልቫሬዝን በላስ ቬጋስ ማሸነፉ እውነት ነው። ክራውፎርድ ግን በትውልዱ ካሉት ምርጦች አንዱ ነው፤ አካሉንም ለዚያ ሚዛን ጊዜ ወስዶ ነው ያዘጋጀው።

ስለዚህ ልጆች ስታጋጥሙ መጀመሪያ ሚዛኑን አውጡ። ልዩነቱ ከአንድ የሚዛን ክፍል ካለፈ ስፓሪንጉ ለቦታና ለእግር ብቻ ይሁን፤ ወደ ጭንቅላት የሚሄድ ምት አይኑርበት። ትንሹ ልጅ «እችላለሁ» ቢልም እንኳ።